የአንገቷ መብራት

ምሳሩን ያቆመው የእኔ እጅ ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ መመካት ቢያምረኝ ሌላ የምመካበት ሞልቶኛል። የምለው ገሳይ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ትናንት የተወለደው ሁሉ ከፊቴ እየቆመ፣ ከልጅቱ አንገት መብራት ፈንጥቆ ምሳሩን ሲመልሰው አይቼ እንደሆነ ስለሚጠይቀኝ ነው። እኔም በጨርቅ የተጠቀለለ እጄን አንስቼ አሳያቸዋለሁ። አንዱማ እጄን ትክ ብሎ አይቶ፣ "እማማ ሙላቴ፣ መብራቱ ነው እንዴ የቆረጠዎት?" አለኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይን ግን አለኝ። ያችው ልጅ ዮርዳኖስ የሳለችውን ሥዕል አምጥታ ጭኔ ላይ ስታስቀምጠው አየሁት። አውድማው አለ። በሬዎቹ አሉ። የልጅ ልጄ በላይነህ ምሳር አንስቶ አለ፤ ዓይኑን የላም ዓይን አሳክላዋለች። እሷ ራሷ መሀል ላይ ቆማለች፤ ከአንገቷ የሚወጣው ጨረር ሰማዩን ሞልቶታል። እኔስ? እኔ ከጭዱ ክምር ኋላ ተጎንብሼ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቅሳለሁ። ሁለቱም እጄ ሙሉ ነው፤ አንድ ጣት አልጎደለም።

አላለቀስኩም። ያን ቀን እዚያ ቦታ ላይ ያላለቀስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንግዲህ ከሥሩ ልናገር።

ይሻው አንድ ልጄ ነበር። የገደለው ዳኛቸው ነው፤ ማሳው ከማሳችን የሚዋሰን ጎረቤታችን። ክረምቱ የወሰኑን ድንጋይ አንከባሎት ነበርና አንዱ "እዚህ ነበር" ሲል፣ ሌላው "እዚያ ነበር" ሲል፣ አንድ ሰው እንኳ በማታስተኛ መሬት ላይ ተናነቁ። ዳኛቸው ጉቶ ይነቅልበት የነበረውን ምሳር አዙሮ ይሻው አንገት ላይ አሳረፈው፤ በግራ በኩል፣ ከጆሮው ሥር።

ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ሞፈሩ እንደተጠመደ፣ በሬዎቹ ቆመው ያመነዥካሉ። ደሙ በትልሙ ውስጥ እንደ መስኖ ውሃ መንገድ ይዞ ይሄድ ነበር። መቀነቴን ፈትቼ አንገቱን አሰርኩት። ራሱ ወደ አንድ ጎን ይወድቅብኛል፤ አቃናዋለሁ፤ ይወድቃል። ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ እንዲሁ ሳቃናው ቆየሁ። ስለዚያ አንገት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በእጄ ይዤዋለሁ። ከማንም ትከሻ ላይ ዳግመኛ አልበቀለም።

ዳኛቸው እጁን ሰጥቶ ታሰረ። በላይነህ ያን ጊዜ ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር፤ እናቱ እብናት አግብታ ስትሄድ እኔ ዘንድ ቀረ። የዳኛቸው ሚስት ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጄ ሲቀበር ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወገቧን ይዛ ስትራመድ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ወለደች፤ ሴት ሆነች። በአንገቷ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከጆሮዋ ሥር ቀይ ምልክት አላት ተባለ። አገሩ ታመሰ። ይሻው በገዳዩ ቤት ተመልሶ ተወለደ አሉ። ቄስ ወልደሚካኤል በቅዳሴ መሀል ተቆጡ፤ ክርስቲያን የሚጠብቀው ትንሣኤ ሙታንን ነው፣ ነፍስ ደግሞ እንደ ገበያተኛ ከቤት ቤት አትዞርም ብለው ገሠጹ። ሰዉም "አሜን" አለ፤ ደጀ ሰላሙን ሳያልፍ ያንኑ ወሬ ቀጠለ።

ወሬው ወሬ ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ። የይሻው የአጎቱ ልጆች ግን ጠመንጃ እየወለወሉ ነበር። ዳኛቸው ቢታሰርም ወንድሞች አሉት፤ የደም ነገር ሰው አይመርጥም። በዚህ መሀል የዳኛቸው ዘመዶች እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ከደጄ ተንበረከኩ። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ለደሙ ካሳ የሚሆነውን ሁሉ ደረደሩ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ተነስቼ ልናገር ስል አንዱ ሽማግሌ፣ ሴት በደም እርቅ ላይ አፍ የላትም አሉ። እኔም ያማጥኩት በዚህ ሆድ፣ የገነዝኩትም በዚህ እጅ መሆኑን ነግሬያቸው፣ ካሳ የሚሉትን ሁሉ መልሱት አልኳቸው። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱን ክርስትና አነሳታለሁ።

ተማክረው እሺ አሉ። ወንድ ቢሆን ኖሮ የሚያነሳው ወንድ ነበር፤ ሴት ሆነችና ለእኔ ደረሰች። ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ልጄ ናት፤ በላይነህም ወንድሟ ነው። በእኛ አገር የክርስትና ዘመድ አይጋባም፣ ደምም አይፋሰስም። ጠመንጃቸውን የወለወሉት ጎረምሶች ጥርሳቸውን አፋጭተው መለሱት፤ በእኔ ልጅ ቤት ላይ ማን ይተኩሳል? በሰማንያ ቀኗ ተቀበልኳት። ማተቧን በእቅፌ ሆና ቄስ ወልደሚካኤል አሰሩላት፤ ክሩ ምልክቱን ሸፈነው። እርቁን ሽማግሌዎቹ አወረዱት ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ይወራ።

ለእኔ ያኔ አለቀ። ለዮርዳኖስ ግን አላለቀም። ምንጭ ስትወርድ፣ ንግሥ ስትሄድ፣ ሰው ሁሉ ማተቧን ገለጥ እያደረገ አንገቷን ያያል። የሚስሟትም ነበሩ። እሷም እሑድ እሑድ እየመጣች እግሬን ታጥበኛለች፣ እንጨት ትፈልጥልኛለች፣ ከሄደችም በኋላ ትመለስና በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ልጅ እናቷን ስለምትወድ ነው ብዬ ነበር። ዳኛቸውም ታስሮ ሲፈታ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። በርጩማ ሰጠሁት። ከዚያ በላይ አልሰጠሁትም፤ ከዚያ በላይም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ዮርዳኖስ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያ ማንጋ የሚሉትን ለመደች። ከጃፓን የመጣ የሥዕል ተረት ነው፤ ከኋላ ተጀምሮ ወደ ፊት ይነበባል አለችኝ። ለእኔ ከየትም ቢጀምር ያው ነው። በዚያ ተረት ውስጥ ሰው መኪና ይገጨውና በሌላ ዓለም የንጉሥ ልጅ ሆኖ ይነቃል። ሌላው በዘንዶ ተበልቶ ሕፃን ሆኖ ይመለሳል። እኔም ምን ሥራ የፈታች ነፍስ ብትሆን ነው አልኳት፤ ሳቀች።

ኋላ የራሷን ሳለች። ይሻው ሰይፍ የታጠቀ ጦረኛ ሆኗል፤ ፀጉሩ እንደ ፈረስ ጭራ ይበርራል። ልጄ ያረጀ ቆብ እንጂ ሰይፍ አልነበረውም። ይገደላል፤ በገዳዩ ቤት ሴት ሆኖ ይወለዳል፤ ገዳዩ በቀረበ ቁጥር የአንገቱ ምልክት ይበራል። በሁለት ሕይወት የማይረሳት አንዲት እናት አለችው፤ እሷ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስኮት ላይ ሆና ከማልቀስ ሌላ ሥራ የላትም። በማብቂያው ላይ ልጅቱ አንገቷን ገልጣ ሟቹ ትቶት ለሄደው ወንድ ልጅ፣ "ልጄ፣ ደሜ አልደረቀም" ትለዋለች።

ይህን በስልክ ለቀቀችው። ተማሪው ተቀባበለው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት እየታተመ ተሸጠ። የሟቹን እናት ማንም አላማከረም።

በላይነህ ደብረ ታቦር ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንዷ ተሳፋሪ ስልኳን ሰጥታ፣ ይኼ ልጅ አንተን አይመስልም ወይ አለችው። ቅንድቡ ላይ የተሰነጠቀች ጠባሳ አለችው፤ ዮርዳኖስ እሷን እንኳ አልተወቻትም። ባጃጁን አቁሞ ሁሉንም አነበበው። ከዚያ ከዩኒቨርሲቲው በር ጠብቆ፣ እውነት አባቴ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

"አላውቅም፤ አንዳንዴ ምልክቱ ያመኛል" አለችው።

አንዲት "አይደለሁም" ብትል ኖሮ ጣቶቼ እጄ ላይ ነበሩ።

የገብስ ውቂያ ደርሶ ነበር። ደጄ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም በላይነህ ከአስፋልቱ በኩል ሲመጣ አየሁት። ሰላም አላለኝም። ቀጥ ብሎ ወደ እንጨቱ ሄዶ ከጉቶው ላይ ምሳሩን ነቀለ፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። የት ነው አልኩት።

"አባቴ ጠርቶኛል" አለ።

እንደዚያ የሚል ሰው አይመከርም። ከዘራዬን አንስቼ ተከተልኩት። እሱ ይሮጣል፣ እኔ በገለባው ላይ እየተንገዳገድኩ አዘግማለሁ። የዳኛቸው አውድማ ከዳገቱ ላይ ስለሆነ ሁሉን እያየሁ ነው የሄድኩት፤ እያየሁ አለመድረስን ጠላቴም አይየው።

ዳኛቸው በሬዎቹን እየነዳ ገብሱን ያሄድ ነበር። ደቦ የወጡት ጎረቤቶች መንሽ ይዘው ገብሱን ይገለብጣሉ። ዮርዳኖስ ለእረፍት መጥታ ኖሮ፣ ጠላ ይዛ ከዳር ቆማለች፤ ሴት አውድማ አትረግጥም፣ በረከት ይሸሻል ይባላልና። በላይነህ ሲደርስ ዳኛቸው እንኳን ደህና መጣህ ሊለው ዞረ። ምሳሩ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ እንደ ደረቅ ወይራ ጮኸ፤ ከታች ሆኜ ሰማሁት። ወደቀ። ደሙ ገብሱ ላይ ተረጨ። በሬዎቹ ደም ሲሸታቸው ደነበሩ፤ አንገት ለአንገት እንደታሰሩ አንዱን ሰው ረግጠውት አለፉ።

አንደኛው ደቦኛ በላይነህን በመንሽ ራሱን መታው፤ ቆዳው ተገሽልጦ በዓይኑ ላይ ተንጠለጠለ። በላይነህ ዞሮ በምሳሩ ጀርባ አገጩን አለው። የሰውዬው ጥርስ ምርቱ ውስጥ ተበተነ። ሌሎቹ ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ በላይነህ ደሙን ከዓይኑ ጠርጎ፣ ምሳሩን በሁለት እጁ አንስቶ፣ በሆዱ እየተሳበ ወደሚሸሸው ዳኛቸው ሄደ።

ዮርዳኖስ ገንቦውን ጥላ አውድማውን ረገጠች። በአባቷ ጀርባ ላይ በደረቷ ተጋደመች፤ ፊቷ ጭዱ ውስጥ ገባ። ማተቧ ተንሸራትቶ ያ ምልክት ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ታየ።

በላይነህ ቆመ። ከዚያ ልጅ አባቱን በሚለማመጥበት ድምፅ፣ "አባዬ፣ ዞር በል" አላት። "ገዳይህን ነው የምገድልልህ።"

እሷ አልተነቃነቀችም። እሱ ደግሞ ዝምታዋን እንዴት እንደተረጎመው እንጃ፤ ምሳሩ ወደ ላይ ወጣ። ቀትር ነው፤ ብረቱ ላይ ፀሐይ አረፈችና አብለጨለጨ። መብራት አየን የምትሉ፣ ያያችሁት እሱን ነው። ምሳር ነው፤ ጠዋት ሞርጄው ነበር።

ያኔ ደረስኩ። ከዘራዬ በቀኝ እጄ ስለነበር የሰደድኩት ግራዬን ነው። ምሳሩ ትንሿን ጣቴንና ጎረቤቷን ይዞ፣ የመዳፌን ጠርዝ ሰንጥቆ፣ ከአንገቷ አጠገብ መሬት ውስጥ ተሰካ። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። ጣቶቼ ገብሱ ላይ ወድቀው አየኋቸውና፣ የአውድማው ዶሮዎች እንዳይወስዱብኝ ብዬ አሰብኩ።

በላይነህ ምሳሩን ሊነቅል ይታገላል። ከዘራውን ጥዬ ማተቡን በቀኝ እጄ ጨበጥኩት፤ እስኪታነቅ ድረስ ወደ እኔ ሳብኩት።

"በጥሰው" አልኩት። "ማተብህን በጥስና ግደላት። በማተብህ ሆነህ እህትህን አትገድልም።"

"እማ፣ አባቴ ናት።"

"አባትህን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ማን እንደሆነ አንተ ልትነግረኝ? አባትህ ሲሞት የዚህች እናት ሆዷ ገፍቶ ነበር። ሰው ባለበት ቤት ሌላ ሰው በየት በር ገብቶ ነው የሚወለደው?"

ደሜ ከግራ እጄ እየተንጠባጠበ ደረቱን አርሶታል፤ እሱን አየ። ከዚያ ጣቶቼን አየ። እጁ ምሳሩን ለቀቀ፤ ጭዱ ላይ ዘፍ አለ።

ያን ጊዜ ነው ሸሽተው የነበሩት ሁሉ ጀግና የሆኑት። ዱላና መንሽ ይዘው ተረባረቡበት። ክንዱ ሲሰበር፣ ጎድኑ ሲረገጥ አየሁ። መጮህ ትንፋሽ መጨረስ ነው፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ደረቱ ላይ፣ እንደ በርጩማ። ከእንግዲህ የሚያርፈው ዱላ በእኔ ላይ ነው። አንዱ ደፍሮ ትከሻዬን መታኝ፤ ስሙን አውቀዋለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ፖሊስ እስኪመጣ አልተነሳሁም። ዮርዳኖስ በነጠላዋ የአባቷን ትከሻ ስታስር እሪ ትላለች፤ ደቦኞቹ ያለቅሳሉ፤ በላይነህ ከሥሬ ሆኖ ያለቅሳል። እኔ ጣቶቼን ከገብሱ ለይቼ ቀሚሴ ጫፍ ላይ ቋጠርኳቸው።

በላይነህ ታሰረ። ዳኛቸው ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ደም የፈሰሰው አሁን ከእኛ በኩል ነውና፣ ድንጋይ መሸከም ለእኛ ደረሰ። የይሻው የአጎት ልጆች እኛ አንሸከምም አሉ። እኔ ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። ዳኛቸው ከመደቡ ላይ ተኝቶ ሲያየኝ ደነገጠ።

"እማማ፣ ያውርዱት። የእኔ ዘመዶች ካመጡት ይከብዳል" አለኝ።

"የእናንተማ ጠጠር ነበር፤ ያኔም አይቼው ዝም ብያለሁ" አልኩት።

ሳቅ አመለጠውና ትከሻውን አመመው። በደህናው እጁ ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረደልኝ። እርቅ እንግዲህ በዚያ ቤት ተጀመረ፤ ገና አላለቀም።

ሥዕሉ የመጣው ከዚህ ወዲህ ነው። መብራቱ፣ ጨረሩ፣ ከክምር ኋላ የማለቅሰው እኔ። ይህም በስልክ ተላከ። ንቄ ልተወው ነበር። ትናንት ግን በላይነህን ሊጠይቅ የሄደ ሰው መልእክት አመጣልኝ። የልጅ ልጄ ስለ እጄ አልጠየቀም። ከምልክቱ መብራት ወጣ የሚሉት፣ አባቴ ምን ማለቱ ነው፣ ቆይ ማለቱ ነው ወይስ ተው ማለቱ ነው ብሎ ነው የላከብኝ።

ይፈታል አንድ ቀን። ያን ጊዜ እኔ ከአፈር በታች ነኝ፤ በምሳሩ ፊት የሚዘረጋ እጅም የለም።

ዛሬ ጠዋት ዮርዳኖስን አስጠራኋት። መጣች፤ እግሬን ልታጥብ ውሃ አነሳች። ተይው አልኳት። መብራቱን ለምን ጨመርሽ ብዬ ጠየቅኳት። ማተቧን በጣቷ አሻሸች።

"እምዬ፣ ልጅዎትን የወሰደብዎት አባቴ ነው" አለች። "እኔ ልመልስልዎት ብዬ ነው። እሱ ካልሆንኩ በእርስዎ ቤት ምኔ ነው የሚገባው?"

ይህን ሁሉ ዘመን እግሬን ስታጥብ የኖረችው ዕዳ እየከፈለች ኖሯል። ልመታት አማረኝ፤ በየትኛው እጄ።

"የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው" አልኳት። "ይሻው ሰነፍ አራሽ፣ ቁጡ፣ ድንች ሲበላ ልጣጩን መሬት የሚጥል ልጅ ነበር። እወደው ነበር። ቀብሬዋለሁ፤ ቦታው ሞልቷል፣ ራሱ ተኝቶበታል። አንቺ በሰማንያ ቀንሽ የሰጠሁሽ የራስሽ ቦታ አለሽ። እኔ በሞተ ልጄ ፈንታ አልተቀበልኩሽም፤ የምገድለው ሳይሆን የማሳድገው ፈልጌ ነው የተቀበልኩሽ።"

አለቀሰች። አልከለከልኳትም፤ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ቦርሳዋን በከዘራዬ ወደ እሷ ገፋሁት፤ ወረቀቱና እርሳሱ እዚያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ከእጄ ላይ ጨርቁን ፈታሁ። ገና እርጥብ ነው፤ ጥሩ አይደለም ለማየት። በርጩማው ላይ፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን፣ ዘርግቼ አስቀመጥኩት።

"መጀመሪያ ያን መብራት አጥፊው" አልኳት። "አንገትሽን አንገት አድርጊው። ይሻውን ከመቃብሩ አስገቢው፤ ድንጋዩንም ሳትረሺ ከላይ አድርጊበት። ከዚያ ይኸው እጄ፤ የጎደለውን ጎዶሎ አድርገሽ ሳዪ፣ አታሳምሪው። ስትጨርሺ ለሰው አትስጪ፣ በስልክም አትላኪ፤ ራስሽ ይዘሽ ወንድምሽ ያለበት ድረስ ሂጂና ፊቱ ቆመሽ 'አይደለሁም' በይው።"

እርሳሱን አወጣች፤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

"ጀምሪ" አልኳት። "እኔ አልነቃነቅም።"